ሁለት ሜትር ከአርባ ስፋት ባለው ክፍል አልጋው በየት በኩል ይቁም?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ የሚኖሩት ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። የመኝታ ክፍላቸው ስፋት 2.40፣ ርዝመቱ 4.70 ሜትር ሲሆን በሩ በአንደኛው ጠባብ ግድግዳ ግራ ጥግ፣ መስኮቱ ደግሞ ፊት ለፊቱ ባለው ጠባብ ግድግዳ ላይ ይገኛል። ያላቸው ዕቃ «ሜትር ከሃምሳ» የሚባለው አልጋና 1.60 ሜትር ስፋት ያለው ባለ ሦስት በር ቁም ሳጥን ነው። አልጋው አሁን ጎኑን ከረጅሙ ግድግዳ ጋር አጣብቆ ቆሟል፤ በግድግዳው በኩል የሚተኙት ባለቤታቸው ናቸው። ባለቤታቸው ለሥራ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሲነሡ እርሳቸውን ተሻግረው ይወርዳሉ። ጠያቂዋ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናቸው። «አልጋውን ብናዞረው ክፍሉ ይዘጋል ብለን ፈራን። ቁም ሳጥኑን እናውጣው ወይ? የሕፃኑ አልጋስ የት ይገባል?» ይላሉ።

አስቀድሜ በሽልም ያውጣዎ። መልሱን ከፊት ላስቀምጠው፦ ቁም ሳጥኑን አያውጡ። አልጋውን ግን ያዙሩት፤ ራስጌው በመስኮቱ ግድግዳ፣ ግርጌው ወደ በሩ ይሁን፤ በሁለቱም ጎን መውረጃ ይኑረው። የሕፃኑ አልጋ ከእናንተ አልጋ ጎን አይገባም፤ ከግርጌ በኩል፣ ከቁም ሳጥኑ ትይዩ ይገባል። ከዚህ በታች የምጽፈው ለምን እንዲህ እንዳልኩና ሥራውን ሳትሳሳቱ እንዴት እንደምትፈጽሙት ነው።

ክፍልዎ እንዲህ ረዝሞ የጠበበው በአጋጣሚ አይደለም። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በአዲስ አበባ የተገነቡት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ጎን ለጎን ተያይዘው የሚሠሩ ናቸው። አንድ ቤት መስኮት ሊያወጣበት የሚችለው የውጭ ግድግዳ የተወሰነ ነው፤ ያ ግድግዳ ለሳሎኑና ለመኝታ ክፍሎቹ ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ ጥቂት ይደርሰዋል። የጎደለው ስፋት ወደ ውስጥ በርዝመት ይካካሳል። ስለዚህ እንዲህ ባለ ክፍል የሚያጥረው ስፋት ነው፤ ርዝመት ሞልቷል። ሥራው ሁሉ ስፋት የሚበላውን ዕቃ አዙሮ ርዝመት እንዲበላ ማድረግ ነው። ብዙ ቤተሰብ ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ዕቃውን ሁሉ በረጅሙ ግድግዳ ላይ ከደረደረ በኋላ በመሀል በቀረችው መተላለፊያ ሲጋፋ ይኖራል።

ወደ አቀማመጡ ከመግባታችን በፊት ስለ መለካት ትንሽ ልበል፤ ስሕተቱ የሚጀምረው እዚያ ነውና። «ሜትር ከሃምሳ» የፍራሹ ስፋት እንጂ የአልጋው አይደለም። የእንጨት ሥራ ቤቶቻችን የሚሠሯቸው አልጋዎች ጎናቸው ወፍራም ነው፤ ራስጌያቸው ደግሞ ለጌጥ ሲባል ከጎናቸው አልፎ ይወጣል። ስለዚህ ሜትሩን ይዘው የአልጋውን ከሁሉ ሰፊ የሆነ ቦታ ይለኩ። እኔ ለስሌቱ 1.60 በ2.05 ብዬ ይዣለሁ፤ የእርስዎ ከዚህ ከበለጠ ቁጥሮቹን ያስተካክሏቸው። ክፍሉንም በበሩ በኩል፣ በመሀልና በመስኮቱ በኩል፣ ሦስት ቦታ ይለኩ። የብሎኬት ግድግዳና ልስን እንደ ማስመሪያ ቀጥ አይልም፤ የሁለት የሦስት ሴንቲ ሜትር ልዩነት ሁልጊዜ የሚያጋጥመኝ ነው። ከወለሉ ጥግ የሚሄደው ዞኮሎም በየጎኑ አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ይወስዳል። በሰፊ ክፍል ይህ አይቆጠርም። በእርስዎ ክፍል ግን ከአልጋው ስፋት የሚተርፈው ጠቅላላው 80 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ እያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር ዋጋ አለው።

አሁን ያለውን አቀማመጥ እንየው። ጎኑ ከግድግዳ ጋር ስለተጣበቀ ከፊቱ የ80 ሴንቲ ሜትር መተላለፊያ ቀርቷል፤ ይህ መልካም ነው። ብቻውን ለሚተኛ ሰው ከዚህ የተሻለ አቀማመጥ አላውቅም። አያቶቻችን መደቡን ከግድግዳው ጋር አያይዘው ያበጁት በብልሃት ነው፤ ቀን መቀመጫ፣ ሌሊት መኝታ ይሆናል፣ መሀሉ ለሰውና ለእሳቱ ነጻ ይቀራል። እኔም በልጅነቴ አያቴ ቤት አጎዛ በተነጠፈበት መደብ ላይ ተኝቻለሁ፤ የዚያን ቤት ስፋት ዛሬም አስታውሰዋለሁ፤ ቤቱ ትንሽ ነበር፣ ግን ማንም ማንንም አያጋፋም ነበር። ለባልና ሚስት ግን ይህ አቀማመጥ አንዱን እስረኛ ያደርገዋል። በግድግዳው በኩል የሚተኛው ሰው ሌላውን ሳይቀሰቅስ መነሣት አይችልም፤ አንሶላውን በዚያ በኩል ለመወተፍ አልጋው ላይ መውጣት ያስፈልጋል፤ ግድግዳው የውጭ ከሆነም ፍራሹ ከቀዝቃዛው ልስን ጋር ስለሚነካካ እርጥበት ይይዝና በክረምት ይሻግታል። በእርስዎ ሁኔታ ደግሞ ነገሩ ከምቾት ያልፋል። በጨለማ፣ እንቅልፍ ባልለቀቀው ሰው፣ የስምንትና የዘጠኝ ወር ሆድ ላይ መሻገር መቆም ያለበት ነገር ነው። እስከምታዞሩት ድረስ ዛሬውኑ ቦታ ተለዋወጡ፤ ማለዳ የሚነሡት ባለቤትዎ በውጭ በኩል ይተኙ ልል ነበር፤ ግን እርስዎም ሌሊት ደጋግመው እንደሚነሡ ስለማውቅ እርሱም መፍትሔ አይሆንም። መዞሩ ነው የሚያዋጣው።

ሁለተኛው አቀማመጥ ራስጌውን በረጅሙ ግድግዳ መሀል አድርጎ አልጋውን በክፍሉ ስፋት ላይ ማጋደም ነው። የፈሩት መዘጋት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ከ2.40 ላይ 2.05 ሲነሣ ከግርጌው በኋላ የሚቀረው 35 ሴንቲ ሜትር ነው። ሰው ፊቱን ወደፊት አድርጎ ለመራመድ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ይፈልጋል፤ በ35 ጎን ሆኖ፣ ሆዱን ሰብስቦ ነው የሚያልፈው። እርስዎ ወደ መስኮቱ ለመድረስ በዚያች ቦይ ማለፍ አለብዎት፤ አይሆንም። ሆኖም ይህን አቀማመጥ በደፈናው እንዳይጠሉት እፈልጋለሁ። ክፍሉ 2.70 ቢሆን ኖሮ የምመርጠው እርሱን ነበር፤ ረጅሙን ክፍል መሀል ላይ ቆርጦ ሁለት ደልዳላ ቦታ ያደርገዋል፤ በአልጋው ግራና ቀኝም እንደልብ ይኮናል። ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ነው የጎደለን።

ቁም ሳጥኑን በክፍሉ መሀል እንደ ግድግዳ አቁሞ ከጀርባው አልጋውን የሚያስገቡም አሉ። ለአንድ ወጣት ጥሩ ነው። ሕፃን ሊዳህበት በሚዘጋጅ ቤት ግን ከግድግዳ ጋር ሳይታሰር በመሀል የቆመ ከባድ ቁም ሳጥን አልመክርም፤ የበሩን ወገን ብርሃንም ይነጥቃል።

ስለዚህ የቀረው ራስጌውን በመስኮቱ ግድግዳ ማድረግ ነው። አልጋው ርዝመቱን በክፍሉ ርዝመት ላይ ያሳርፋል፤ ከስፋቱ የሚተርፈው 80 ሴንቲ ሜትር ለሁለት ጎን ይከፈላል። እኩል ቢከፍሉት አርባ አርባ ይደርሳል፤ ሁለታችሁም በየራሳችሁ ጎን ትወርዳላችሁ። እኔ ግን በእርስዎ ቤት እኩል አልከፍለውም። መጀመሪያ አልጋውን ወደ እንጨት ቤት ልከው ከጎኑ አልፎ የሚወጣውን የራስጌ ጌጥ ያስቆርጡ፤ የጎን ጣውላውንም በቀጭን ያስለውጡ። ጠቅላላው ስፋት ወደ 1.54 ከወረደ የሚተርፈው 86 ይሆናል። ከዚህ ውስጥ 56ቱን በእርስዎ በኩል፣ በግራ፣ በበሩ ወገን ይያዙ፤ 30ው በባለቤትዎ በኩል ይቅር። ሠላሳ ሴንቲ ሜትር እንደልብ ለመራመድ አይበቃም፤ እግር አውርዶ ለመቆምና በጎን ሦስት እርምጃ ለመሄድ ግን ይበቃል። እርስዎ ግን በሚቀጥሉት ወራት ከብደው፣ ከዚያም ሕፃን ታቅፈው የሚነሡ ስለሆኑ ሰፊው ጎን የእርስዎ ነው። በግርጌው ላይ የቆመ ሰሌዳ ካለም ይነሣ። እርሱ ሲነሣ አልጋው አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ያጥራል፤ ባለቤትዎም ሲፈልጉ በግርጌ በኩል ሊወርዱ ይችላሉ።

ኮመዲኖ በየትኛውም ጎን አይገባም፤ አያስገድዱት። በእርስዎ ጎን ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ የምትወጣ የግድግዳ መደርደሪያ፣ ከፍራሹ ትንሽ ከፍ ብላ ትሠራ፤ ለስልክ፣ ለውሃና ለመድኃኒት ትበቃለች። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ስለሆነ ተራ ምስማር አይይዝም፤ በመሰርሰሪያ ተበስቶ ፊሸር፣ ማለትም ቪቱን የሚይዘው የፕላስቲክ መሰኪያ፣ ይግባበት።

«መስኮት ሥር ጭንቅላቴን አድርጌ እንዴት እተኛለሁ?» እንደሚሉ አውቃለሁ። ይህን አሳብ ሳቀርብ ከአሥር ሰው ዘጠኙ የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ቅዝቃዜ ቀላል አይደለም። መስኮቱ የብረት ፍሬምና ነጠላ መስታወት ከሆነ፣ በመስታወቱ ላይ የቀዘቀዘው አየር ከብዶ ወደ ታች ይወርዳል፤ የሚያርፈውም ራስጌ ላይ ነው። ይህ ግን ሊታረም የሚችል ነገር ነው፤ የክፍሉ ስፋት ግን አይታረምም። ለዚህ ነው መስኮቱን ታግሼ ስፋቱን የማተርፈው።

እንዲህ ያድርጉ። ከመስኮቱ ደፍ እስከ ወለሉ ያለውን ከፍታ ይለኩ፤ ራስጌው እስከዚያ ከፍታ ቢደርስ ወይም አምስት ሴንቲ ሜትር ቢያልፍ የሚወርደውን አየር ይመልሳል። አልጋውን ከግድግዳው ጋር አያጣብቁት፤ በራስጌው ጀርባ 10 ሴንቲ ሜትር ይተዉ። በዚያ ክፍተት መጋረጃው በነጻነት ይወርዳል፣ ግድግዳውም ይተነፍሳል፣ እጅ ገብቶም ይጠርጋል። መጋረጃው ወፍራም ይሁን፤ ዘንጉም ከመስኮቱ ስፋት አልፎ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ይሂድ። መስታወቱን የያዘው ስቱኮ ደርቆ ከተሰነጣጠቀ ከሰኔ በፊት ይታደስ፤ በፍሬሙና በልስኑ መካከል ያለው ስንጥቅ በሲሊኮን ይደፈን። ዝናብ ሲዘንብ ከመስኮቱ ሥር እርጥበት ወይም የቀለም መፋቅ አይተው ከሆነ ግን አልጋውን ከማዞርዎ በፊት እርሱን ያስጠግኑ፤ በራሰ ግድግዳ ሥር ራስጌ አይቀመጥም። መስኮቱ ወደ ምሥራቅ የሚያይ ቢሆን እንኳ የጠዋት ፀሐይ ዓይንዎን አይወጋም፤ ብርሃኑ በላይዎ አልፎ ወደ ክፍሉ ውስጥ ይገባል። ፊትዎን ወደ መስኮቱ አድርገው ቢተኙ ነበር የሚወጋዎ።

አሁን ወደ በሩ ወገን እንምጣ። አልጋው በራስጌው ካለው ክፍተት ጋር 2.15 ሜትር ይይዛል፤ ከግርጌው እስከ በሩ ግድግዳ 2.55 ሜትር ይቀራል። ቁም ሳጥኑን በቀኙ ረጅም ግድግዳ ላይ፣ ጀርባውን ለግድግዳው፣ ጎኑን ለበሩ ግድግዳ ሰጥተው ጥጉ ውስጥ ያስገቡት። ጥልቀቱ እንደተለመደው 60 ከሆነ ከፊቱ 1.80 ይቀራል፤ በሮቹ እንደልብ ይከፈታሉ። እዚህ ሊያስቸግር የሚችለው የክፍሉ በር ነው። ማጠፊያው በቀኝ ከሆነ በሩ ሲከፈት በመሀል ይቆምና መንገዱን ይከፍለዋል። ማጠፊያው ወደ ግራ ተዛውሮ በሩ በግራው ግድግዳ ላይ እንዲተኛ ያድርጉ፤ ለአናጢ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ከአዲስ ቁም ሳጥን ይረክሳል።

የሕፃኑ አልጋ ቦታ በግራው ግድግዳ ላይ፣ የተከፈተው በር ካለቀበት ጀምሮ ነው። መጠኑን ግን አደራ። ገበያ ላይ የሚገኙት ብዙዎቹ የሕፃን አልጋዎች ለ60 በ120 ፍራሽ የተሠሩ ናቸው፤ የተከፈተው በር 90 ሴንቲ ሜትር ያህል ይይዛል ብንል፣ ያ ሲገባ በእርሱና በእናንተ ግርጌ መካከል የሚተርፈው 40 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ እርስዎ ከአልጋዎ ወርደው ወደ በሩ የሚሄዱት ደግሞ በዚያው በኩል ነው። ለ50 በ100 ፍራሽ የሚሆን ያሠሩ፤ በውጭ 55 በ105 ቢሆን ክፍተቱ 60 ይሆናል፤ ሕፃን ታቅፎ ይታለፋል። ለአንድ ዓመትና ከዚያም በላይ ያገለግላል፤ ሁለተኛ መኝታ ክፍል ስላላችሁ ልጁ ሲያድግ ወደዚያ ይሻገራል። የሕፃናት ሐኪሞች የሚመክሩትም ሕፃኑ ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት በወላጆቹ ክፍል፣ ግን በራሱ ጠንካራ ፍራሽ ላይ፣ በጀርባው እንዲተኛ ነው። ቦታው ከመስኮቱ፣ ከመጋረጃውና ከገመዱ የራቀ መሆኑም ደስ ያሰኘኛል። በላዩ መደርደሪያም ሆነ ከባድ ሥዕል አይሰቀል። ቁም ሳጥኑን በሁለት የብረት ማዕዘን ከግድግዳው ጋር ያሳስሩት፤ ልጅ መቆም ሲጀምር መሳቢያውን እንደ ደረጃ ይወጣበታል።

ከቁም ሳጥኑ መጨረሻ እስከ አልጋው ግርጌ በቀኝ በኩል 95 ሴንቲ ሜትር ያህል ባዶ ቦታ ይቀራል። እባክዎ እንዳይሞሉት። ባዶ ቦታ ያየ ሰው ሁሉ ሣጥን ወይም የልብስ ቅርጫት ይልክበታል። ያ ቦታ በአራስነትዎ ጊዜ ገንፎ ይዘው ለሚመጡት ጠያቂዎች ወንበር የሚቀመጥበት፣ ሌሊት አጠገብዎ ለሚያድሩት እናትዎ ወይም እኅትዎ ፍራሽ የሚዘረጋበት፣ ለጸሎት የሚቆም ሰውም የሚቆምበት ነው። የባለቤትዎም መውጫ ወደዚያው ስለሚያመራ በማይነቃነቅ ዕቃ አይዘጋ።

መብራቱን በተመለከተ፣ በጣሪያው መሀል ያለች አንዲት አምፖል ረጅም ክፍልን ዋሻ ታስመስለዋለች፤ በራስጌው በኩል በግድግዳው ላይ አንድ ትንሽ መብራት ቢጨመር ሌሊት ለማጥባትም ይበጃል። ሶኬቱ ሩቅ ከሆነ ገመድ በምንጣፍ ሥር ወይም በፍራሽ ሥር አያሳልፉ፤ በግድግዳው ጠርዝ በመሸፈኛ ውስጥ ያስኬዱት። ቀለም ለመቀባት ካሰባችሁ ረጅሞቹን ግድግዳዎች በነጣ ቀለም ትታችሁ የመስኮቱን ግድግዳ ጠቆር ብታደርጉት ግድግዳው ቀረብ ያለ ይመስላል፤ ግን አሁን ከመውለድዎ በፊት የቀለም ሽታ ውስጥ አይግቡ፤ ይህ ቆይቶ ይደርሳል።

አልጋውን ከማንሣታችሁ በፊት አንድ ምሽት ለሙከራ ስጡ። ጋዜጣ በፕላስተር እያያያዛችሁ 1.54 በ2.05 እና 55 በ105 አድርጋችሁ በየቦታቸው ወለሉ ላይ አንጥፉ። አልጋው ገና በቦታው ስላለ ሁሉም አይዘረጋም፤ ግርጌው የሚደርስበትን፣ የሕፃኑን አልጋና የቁም ሳጥኑን ቦታ ግን በደንብ ያሳያችኋል። መብራት አጥፍታችሁ፣ ትራስ ታቅፋችሁ፣ ከአልጋው ጎን እስከ በሩ ተመላለሱ። እግር ጋዜጣውን የረገጠበትን ቦታ አምስት ሴንቲ ሜትር ማዛወር አሁን ምንም አያስከፍልም።

በመጨረሻ ስለ ማዞሩ ሥራ። ራስጌው አሁን ወደ በሩ ከሆነ አልጋው እንደቆመ አይዞርም፤ ብዙ ቤተሰብ ይህን ሳያውቅ እየጎተተ ግድግዳውን ይፍቃል። የ1.60 በ2.05 አልጋ ከጥግ እስከ ጥግ ሲለካ 2.60 ሜትር ይሆናል፤ ክፍልዎ 2.40 ነው። መሀል ላይ ሲደርስ ይቀረቀራል፤ ወደፊትም ወደኋላም አይልም። ስለዚህ መፈታት አለበት። ፍራሹን አውጥታችሁ ሳሎን አቁሙት፤ ርብራቡን አንሡ፤ ጎኖቹን ከራስጌና ከግርጌ የሚያያይዙትን ቡሎኖች ፍቱ። ቁም ሳጥኑ ከአልጋው በፊት ወደ ጥጉ ይግባ፤ አልጋው ከተገጠመ በኋላ ማለፊያ አያገኝም። ለዚህ ሁሉ ባለቤትዎና አንድ ጎረቤት ይበቃሉ። እርስዎ ምንም አያንሡ፤ ወንበርዎ ላይ ተቀምጠው ሜትሩን ይያዙ፣ የተፈቱትን ቡሎኖችም በአንድ ጣሳ ይሰብስቡ፤ አንዲት ቡሎን ከጎደለች አልጋው ሌሊቱን ሙሉ ሲንቋቋ ያድራል።